ገዝቶ መፍጠን ወይስ ሠርቶ መፍጠን?

ጆሃንስበርግ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ይህ ጥያቄ ዛሬ ባይሆን ነገ ቤታችሁ መግባቱ አይቀርም። ልጁ አሥራ ስምንት ይሞላዋል፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ መኪና ነው። ጂቲአይ፣ ጉሼሼ፣ ቱርቦ፣ ማርሜታ፣ ቸርኬ። እናት «ምንድን ነው የሚለው?» ትላለች። አባት «ተይው፣ ያልፍለታል» ይላል። ሊያልፍለት ይችላል። ግን እሱ እስኪያልፍለት ድረስ ስንት ገንዘብ ያልፋል፤ አንዳንዴም፣ እግዚአብሔር አያምጣው እንጂ፣ ሰው ያልፋል። ስለዚህ እያወቅን ብናወራበት ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

«የምግብ ቤት ባለቤት ስለ መኪና ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ሁለት ዓመት አውቶ መካኒክ ተምሬ ሳልጨርስ ነው አገር ለቅቄ የወጣሁት። ትምህርቱ ቢቋረጥም ጆሮዬ አልተቋረጠም፤ መኪና ሲያልፍ አሁንም ድምፁን አዳምጣለሁ። ደግሞም ጄፒ ውስጥ ምግብ ቤት ያለው ሰው ከአገር ቤት ፖለቲካ ቀጥሎ የሚሰማው ወሬ የመኪና ወሬ ነው። እቤቴም ሁለት ወጣቶች አሉ፤ አንዱ የሆዴ ፍሬ፣ አንዱ የእህቴ ልጅ። አንዱ ገዛ፣ አንዱ ሠራ። የሁለቱን ነገር እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያለንበትን ከተማ እንወቀው።

ደቡብ አፍሪካ መኪና ገጣጥሞ ብቻ የሚሸጥ አገር አይደለም፤ ለራሱ እንዲስማማው አድርጎ ሲሠራም ኖሯል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቢኤምደብሊው ከጀርመን ውጭ የመጀመሪያ ፋብሪካውን የያዘው በ1973 እዚሁ ፕሪቶሪያ አጠገብ ሮስሊን ላይ ነው። ከዚያም በፊት ባዝል ግሪን የሚባል የጆሃንስበርግ የመኪና ሰው ፎርድ ካፕሪ የምትባለውን ትንሽ መኪና ወስዶ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ አምስት ሊትር የአሜሪካ ሞተር ከተተባት። ፔራና ትባላለች፤ ዛሬም ስሟ ሲጠራ ሽማግሌዎቹ ነጮች ዓይናቸው ያበራል። በ1980ዎቹ ደግሞ የሮስሊኑ ፋብሪካ ራሱ እንዲሁ አደረገ። በጀርመን ኤም ስሪ የሚባለው ፈጣኑ ቢኤምደብሊው መሪው በግራ በኩል ብቻ ነበርና እዚህ ሊሸጥ አልቻለም። እነሱም «ከሌለን እንሠራለን» ብለው የትልቁን መኪና 3.2 ሊትር ሞተር በትንሹ ውስጥ ገጥመው 333አይ አወጡ፤ የተሠራውም ሁለት መቶ ገደማ ብቻ ነው። በ1990 ደግሞ ባለ 2.7 ሊትሩን 325አይኤስ አመጡ። ታውንሺፑ ጉሼሼ እያለ የሚጠራው የዚያ ዘመን ባለ ማዕዘን ቢኤምደብሊው ይኸው ነው።

ድሃውም የራሱ መኪና ነበረው። ሲቲ ጎልፍ ከ1984 እስከ 2009 እዚሁ አገር ሲመረት የኖረ ነው። ሌላው ዓለም ያንን ቅርጽ ከተወው በኋላ እንኳ እዚህ ሃያ አምስት ዓመት ተሠራ። ዕቃው በየቦታው አለ፣ ሞተሩ ቀላል ነው፣ በሁለት ቁልፍና በአንድ ካቻቢቴ ግማሹን ታወርዱታላችሁ። እኛ አገር ቮልስና ዲኤክስ የሆኑትን እዚህ እሱ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ወጣቱ ዲኤክስ ኮሮላን ዝቅ አድርጎ፣ ቸርኬ ቀይሮ፣ ቀለም ቀብቶ የሚኮራባትን ያህል እዚህም ሲቲ ጎልፍ ይከበራል። አገር ቤት ደግሞ ቀረጡ ከበደ፤ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ያሉትን አሮጌ መኪኖች በሕይወት ማቆየት የብዙ ጋራዥ እንጀራ ሆኗል።

ስፒኒንግስ? መኪናውን በአንድ ቦታ እንደ እንዝርት እያሾሩ ጎማ ማጨስ ማለት ነው። ሶዌቶ ውስጥ ሲጀመር የወሮበሎች ቀብር ማድመቂያ ነበር ይባላል። በ2014 ግን የአገሪቱ የሞተር ስፖርት አካል እንደ ስፖርት ተቀበለው፤ አጥር ያለው ሜዳ፣ ደንብና አምቡላንስ አገኘ። ሴት ልጅ ያላችሁም ይህን ገጽ አትዝለሉት። በዚሁ ስፖርት ስማቸው ከገነኑት አንዷ የኤልዶራዶ ፓርኳ ስቴሲ ሊ ሜይ ናት። የሕግ ተማሪ ሳለች ነው በአሮጌ ቢኤምደብሊው ስፒኒንግ ዝና ያገኘችው።

አሁን ልብ ብላችሁ የምትሰሙት አንድ ነገር ላስገባ፤ ልጆቹ ሲከራከሩ ይጠቅማችኋል። ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል። ሞተር ነዳጅን ከአየር ጋር አቀላቅሎ ነው የሚያቃጥለው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደርባን ላይ ካለው ጉልበት እዚህ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ያጣል። ልጁ «ይህ መኪና 100 ኪሎዋት ነው» ቢላችሁ፣ «ደርባን ላይ ነዋ! እዚህ ሰማንያ ምናምን ነው» በሉት። ይደነግጣል።

ቱርቦ ይህንን ነው የሚያካክሰው። የሚወጣው ጭስ ትንሽዬ ማራገቢያ ያሽከረክራል፣ እሷ ደግሞ ንጹሕ አየር አምቃ ወደ ሞተሩ ትከታለች። ለዚህ ነው ጆሃንስበርግ ላይ የቱርቦ መኪና ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፈጥነው። የነዳጁም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ማደያ ላይ 93 እና 95 ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። ቁጥሩ ነዳጁ ሲታመቅ ያለ ሰዓቱ ሳይቀጣጠል ምን ያህል እንደሚታገስ ነው የሚነግራችሁ። እዚህ ደጋ ላይ ተራ ሞተር አየሩን ብዙ ስለማያምቅ 93 ይበቃዋል። ቱርቦ ግን መልሶ ያምቃልና 95 ይፈልጋል፤ በተለይ ጉልበቱ የተጨመረ ከሆነ። ጥቂት ሳንቲም አተርፋለሁ ብሎ 93 የሚቀዳ ልጅ ፒስተኑን እየቀጠቀጠው ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ልጆች ልምጣ።

ልጄ እዚሁ የተወለደ ነው፤ ሒሳብ ተምሮ ሥራ ይዟል። «አባዬ፣ ጎልፍ ጂቲአይ ልገዛ ነው» አለኝ። አዲሱ ቱርቦ ነው፣ ፍሬኑም መሪውም ለዚያ ፍጥነት ታስቦ የተሠራ ነው። እውነቱን ልናገር፣ መኪናው ጥሩ ነው። መሐንዲሶች ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ፍሬኑን አንድ ላይ አስማምተው አውጥተውታል። ገዝቶ መፍጠን ማለት ያንን መስማማት መግዛት ነው፤ ነውር የለበትም።

ነገር ግን «ሒሳብ የተማርከው አንተ አይደለህ? ና ቁጭ በል» አልኩት። ለስሌት ያህል ዋጋውን 500 ሺህ ራንድ፣ ወለዱን በዓመት 12 በመቶ፣ ጊዜውን 72 ወር አደረግነው። በወር 9,775 ራንድ ገደማ ሆነ። ተደምሮ 704 ሺህ ገደማ። ከዚያ ሻጮች የሚወዱትን «ባሉን» አስገባን፤ ከዋጋው 30 በመቶው፣ ማለትም 150 ሺህ ራንዱ፣ እስከ መጨረሻው ይቆያል ማለት ነው። የወሩ ክፍያ ወደ 8,340 ራንድ ወረደ። ደስ ይላል አይደል? ግን በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ 150 ሺውን በአንድ ጊዜ አምጣ ይባላል፤ ጠቅላላውም ወደ 750 ሺህ ይወጣል። ኢንሹራንሱ፣ መከታተያው፣ ጎማውና ነዳጁ ገና አልተነሱም። ባለቤቴ ደግሞ ከሁሉ በላይ የምትፈራው ሮቦት ላይ ቆሞ መሣሪያ እንዳይደገንበት ነው። ፍርሃቷ የማይገባው የጆሃንስበርግ ሰው የለም።

ልጄ ሦስት ቀን ዝም አለ። ከዚያ ያገለገለ ጂቲአይ ፈለገ፣ ያጠራቀመውን በቅድሚያ ከፈለ፣ ባሉን የሚባለውን አልነካም። መኪናው ሲወጣ እንደነበረ ነው ያለው፤ አንድ ብሎን አልጨመረበትም። ደኅና አድርጎ ገዛ እላለሁ።

የእህቴ ልጅ ነገር ሌላ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ከአገር ቤት የመጣው። የያዘው የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው፤ በየጊዜው የሚታደስ። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ «መኪና በብድር ስጡኝ» ማለት ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አልዘረዝረውም። እንግዲህ «መግዛት ይሻላል ወይስ መሥራት?» የሚለው ጥያቄ ለሁለቱ ልጆች እኩል አልቀረበም። አንዱ መረጠ። ሌላው ያለችውን በር ገፋ።

በ38 ሺህ ራንድ የማትንቀሳቀስ ሲቲ ጎልፍ ገዛ። አጎቱ ነኝና «ምን ሊያደርግልህ ነው?» አልኩት። «ጋሼ፣ እፈታታታለሁ» አለኝ። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለችው ግቢ በእሑድ እሑድ ፈታታት። ሞተሩን አወረደ። ቴስታታውን አስላገ፣ ባልቮላውን አስተካከለ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀየረ፣ ፍሪሲዮን ገጠመ፣ ፍሬኑን በተሻለ ተካ፣ አሞርዛቶሩን አዲስ አደረገ። አጠገቤ ሆኖ ስሞቹን ሲጠራ አንድ ነገር ገረመኝ። የእኛ ጋራዥ ቃል ሁሉ የጣሊያን ነው፤ እዚህ የዕቃ መሸጫ ሄዶ «ጓርኒሲዮን» ቢል ማን ይሰማዋል? ስለዚህ አንዱን ዕቃ በሦስት ቋንቋ ተማረው፦ በእኛ፣ በእንግሊዝኛና በዙሉ።

የደብተሩን ሒሳብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም «ሠርቶ ማፍጠን ይረክሳል» የሚል ወሬ አለ። እያንዳንዱን ብሎን ይጽፋል። በአሥራ ስድስት ወር ውስጥ 67 ሺህ ራንድ አወጣ፤ ከመግዣዋ ጋር 105 ሺህ። ትንሽ ቢጨምርበት የምትሄድ ያገለገለች ፖሎ ቪቮ ይገዛ ነበር። ያ ሁሉ ሆኖ ሮቦት ላይ ከልጄ ጂቲአይ ጋር ጎን ለጎን ቢቆም፣ አረንጓዴ ሲበራ የሚያየው የጂቲአዩን ጀርባ ነው። ስለዚህ መሥራት አይረክስም፤ የበለጠም አያፈጥንም። ይህን ለልጆቻችሁ ሳትሸፋፍኑ ንገሯቸው።

ታዲያ ምን አተረፈ? እሱን የማውቀው ባለፈው ዓመት አንድ ዓርብ ማታ ነው። ደርባን ላይ ለሚደረግ ሠርግ ምግብ ተቀብለናል። ዶሮው ተሠርቷል፣ እንጀራው ተቆጥሯል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባኪው ተጭኖ ሊነሳ ነው። ሾፌሬ ሁለት ልጆቹንም ይዞ ሊሄድ ነበር። የእህቴ ልጅ ማንም ሳያዘው ኮፋኖውን ከፈተ። የዘይቱን ክዳን ፈታና ለእኔ አሳየኝ፤ ክዳኑ ሥር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ተለጥፏል።

«ክዳኑ ላይ ብቻ ቢሆን ከብርዱ የመጣ እርጥበት ነው እል ነበር» አለኝ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳበ፤ እሱም ላይ ያው ነው። ራዲያተሩን አየ፤ ውኃው ጎድሏል፣ መሬት ላይ ግን የፈሰሰ የለም። «ጋሼ፣ ውኃው ዘይት ውስጥ እየገባ ነው። ጓርኒሲዮኑ ሄዷል። ይህ መኪና ነገ የትም አይሄድም።»

ጆሃንስበርግ ደርባን የሚወስደው ኤንስሪ፣ ቫን ሪነን ላይ ሲደርስ ምን ዓይነት ቁልቁለት እንደሆነ የሄደበት ያውቃል። ከባድ መኪኖች ከፊትም ከኋላም ናቸው። በሌሊት፣ ጭነት ተጭኖ፣ ሁለት ሕፃናት ይዞ፣ ሞተሩ እዚያ ላይ ቢነክስስ? ሌላ መኪና ተከራየን፣ ሠርጉም በሰዓቱ በላ። ሰኞ ዕለት ባኪው ሲፈታ ልጁ እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ያቺን አሮጌ ጎልፍ ባይፈታታ ኖሮ ያንን ክዳን የሚያየው አልነበረም። ያ 67 ሺህ ራንድ ለእኔ በዚያች ሌሊት ተመለሰ።

በርበሬ ብላችሁ አስቡት። የተዘጋጀ በርበሬ ገዝቶ ጥሩ ወጥ መሥራት ይቻላል፤ እኔም ሲቸግረኝ አደርገዋለሁ። ወጡ መረር ሲል ግን አብሹ ይሁን ኮረሪማው፣ ወይስ በርበሬው ሲታመስ አርሮ፣ ለይቶ የሚያውቀው ራሱ ያስፈጨው ነው። ገዝቶ የሚፈጥን ሰው ፍጥነቱን ያገኛል። ሠርቶ የሚፈጥን ደግሞ የመኪናውን ሕመም ማወቅን ያገኛል። ሁለቱም ለከፈሉበት ዋጋ ነው።

እኔ የምፈራው ሦስተኛውን መንገድ ነው። እሱ መግዛትም መሥራትም አይደለም፤ ፍጥነትን ለጥፎ መሄድ ነው። ከደንበኞቼ የአንዱ ልጅ ዕዳው ያላለቀ የቱርቦ መኪና ነበረው። አንድ ሰው ላፕቶፕ ይዞ መጣ፣ የመኪና ማቆሚያ ላይ በአንድ ሰዓት የሞተሩን ሶፍትዌር ቀየረለት። ማርሜታውም ወጣ፣ መኪናው እንደ ርችት መጮህ ጀመረ። መቼም ጉልበቱ ጨመረ፤ የቱርቦ ሞተር እንዲህ ሲደረግ ሩብ ያህል ሊጨምር ይችላል። ግን ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው የተሠሩት ለድሮው ጉልበት ነው። ፍሬኑም ያው የድሮው ነው። በስድስት ወር ካምቢዮው ሄደ። ሻጩ «ሶፍትዌሩ ተነክቷል» ብሎ ዋስትናውን ሰረዘ። ልጁ ዛሬ ለማይሄድ መኪና በየወሩ ይከፍላል። አባቱ ምሳውን ሲበላ ይህን እያወራኝ እንባው መጣ።

እንግዲህ ለወላጅ የሚሆን የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ልጁ መኪናዬን ላፍጥን ካለ፣ ቅደም ተከተሉን ጠይቁት። የሚያውቅ ሰው የሚጀምረው ከፍሬንና ከጎማ ነው፤ ቀጥሎ ማቀዝቀዣው፣ ቀጥሎ አሞርዛቶሩ፣ ሞተሩ መጨረሻ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ሊያቆመው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በ120 የሚሄድ መኪና በ60 ከሚሄደው አራት እጥፍ ከባድ ሥራ ነው ለፍሬኑ። ከማርሜታና ከድምፅ የሚጀምር ልጅ ገና አልገባውም።

ሞተር ከተቀየረ ወረቀቱም ይቀየር። የሞተሩ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ፖሊስ ሲያቆመው የተሰረቀ ነው ተብሎ ሊያዝ ይችላል። የፖሊስ ማረጋገጫ አውጥቶ ምዝገባውን ማስተካከል ግድ ነው። በተለይ ወረቀታችን ቀድሞውኑ በጥርጣሬ የሚታየው እኛ፣ በመኪና ቁጥር የተነሳ ጣቢያ ማደር የለብንም።

የተጨመረውን ሁሉ ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ አሳውቁ። ክፍያው ትንሽ ይጨምር ይሆናል፤ ሳይነገር ከቀረ ግን አደጋ በደረሰ ቀን ካሳው ሊቀር ይችላል።

ፍጥነቱን የት እንደሚያወጣውም ጠይቁት። ይህ ከተማ ለመሮጥም ለስፒኒንግም አጥር ያለው ሜዳ አለው። የመንደር መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ እናቶች ዕቃ ይዘው ይሻገራሉ። እዚያ ላይ ድርድር የለም።

በመጨረሻም፣ መግዛት የማይችለውን ልጅ «አትችልም» ብላችሁ አታስቀምጡት። የእህቴ ልጅ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ፈቃድ ያለው መካኒክ ዘንድ ይሠራል፤ የሙያ ፈተናውን ለመውሰድ እየተዘጋጀ ነው። ወረቀቱ ገና አልተስተካከለም። እጁ የተማረውን ግን ድንበር ላይም ሆነ ቢሮ ደጃፍ ላይ ማንም አይቀማውም። ነገ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ወይም አገር ቤት ቢመለስ፣ ሞተር የሌለበት አገር የለም። ኤሌክትሪኩ መኪና ይምጣ እንጂ እሱም ፍሬን አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ የሚፈታው ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ ልጃችሁ ስለ መኪና ሲያወራችሁ መጀመሪያ «ስንት ነው?» አትበሉት። «ሲበላሽ ማን ነው የሚያየው?» በሉት። «ዋስትና አለው» ካለ፣ ውሉን አንብቡና ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ። «እኔ ነኝ» ካለ ደግሞ ክሪክና ቁልፍ ግዙለት፤ መኪናዋ ሥር ከመግባቱ በፊት ጎማዋ መደገፉን፣ ክብደቷም በክሪኩ ላይ ብቻ አለመሆኑን ራሳችሁ እዩለት። መልስ ካጣ፣ መልሱን እስኪያገኝ ቁልፉ እናንተ ዘንድ ይቆይ።

ቸር እንሰንብት።